ከስድስት ክር ወደ አራት

መምህሩ፦ ከነቀምቴ እስከ ደምቢ ዶሎ ጊታር መማር የሚፈልግ ወጣት ፈልግ ብትለኝ አላጣም። በየቤተ ክርስቲያኑ የመዘምራን ጊታር አለ፤ አስተማሪ በሌለበትም አንዱ ልጅ ለሌላው ያሳያል። ሁሉም የሚማረው ግን ባለ ስድስት ክሩን ነው። የኮርዱ ሥዕል፣ የመማሪያው ቪዲዮ፣ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ክር፣ ሁሉ ነገር ለስድስት ክር የተሰናዳ ነው። አሁን አንተ ቴነር ጊታር የሚሉትን ባለ አራት ክር የኤሌክትሪክ ጊታር ለወለጋ ዘፈን ይበጃል ብለህ ተነሥተሃል። ስድስት ያለው ሰው ለምን ወደ አራት ይወርዳል? ጉድለትን እንደ ጥበብ አድርጎ ማቅረብ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ጸሐፊው፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው ጋሼ። መሣሪያው ራሱ የተወለደው ከእንጀራ ጥያቄ ነውና። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የዳንስና የጃዝ ቡድኖች ውስጥ ምቱን ይይዝ የነበረው ባለ አራት ክሩ ቴነር ባንጆ ነበር። በአሥር ዓመቱ መጨረሻ ላይ የሰው ጆሮ ወደ ጊታር ሲያዘነብል፣ ባንጆ ተጫዋቾች የለመዱትን ቅኝትና የጣት አያያዝ ሳይለውጡ ጊታር እንዲጫወቱ ብለው እነ ጊብሰንና ማርቲን ባለ አራት ክር ጊታር ሠሩላቸው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ጊብሰን በኤሌክትሪክ የሚሠራውን አወጣ። የተለመደው ቅኝት ከወፍራሙ ክር ተነሥቶ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ ነው፤ እያንዳንዱ ክር ከጎረቤቱ አምስተኛ ድምፅ ይርቃል፣ ቫዮሊንና ማንዶሊን እንደሚቃኙት። ከቤዝ ጊታር ጋር ግን አይምታታብን። ቤዝም አራት ክር አለው፤ የሚቃኘው በአራተኛ ርቀት ነው፣ ቦታውም ከሁሉም በታች ነው። ቴነሩ የሚሰማው የዘፋኙ ድምፅ በሚውልበት መካከለኛ ስፍራ ነው። የክሩ ርዝመት 58 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከተለመደው ጊታር 65 ሴንቲ ሜትር ያጥራል፤ ጣት ብዙ ሳይለጠጥ ሩቁን ፍሬት ያገኛል። እኔ የማራኪነቱን ምክንያት አዲስነቱ ላይ አላስቀምጥም። ይህ መሣሪያ የተጫዋቹን እጅ ከኮርድ አውጥቶ ወደ ዜማ ይመልሰዋል፤ ያውም እኛ ወደምንዘፍነው፣ በአምስት ድምፅ ወደሚሄደው ዜማ። ፈጠራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

መምህሩ፦ ታሪኩን ሰማሁ፤ ታሪኩ ግን የአሜሪካ ባንጆ ተጫዋች ታሪክ ነው። እኔ የምፈልገው አራት ክር በቂ ለመሆኑ ማስረጃ ነው። አንድ ሰው ዜማ ልጫወት ሲል መጠኑን ማወቅ አለበት፤ ዝቅ ብሎ የሚጀምር፣ ከፍ ብሎ የሚያርፍ ዘፈን አለ። ሁለት ክር ሲቀነስ የሚቀነስ ነገር መኖሩ አይቀርም።

ጸሐፊው፦ የሚቀነሰው ከሚጠበቀው ያንሳል። ቆጥረን እንየው። ጊታሩ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ተብሎ ቢቃኝ፣ ማለትም ያው የአምስተኛ ርቀት ዝቅ ብሎ ቢያዝ፣ በሶል ትዝታ ከወፍራሙ ስንቆጥር የመጀመሪያው ክር ሶል፣ ላ፣ ሲ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ሬ፣ ሚ፣ ሶል፤ ሦስተኛው ላ፣ ሲ፣ ሬ፤ አራተኛው ሚ፣ ሶል፣ ላ። በእያንዳንዱ ክር ሦስት ድምፅ፣ በጠቅላላው አሥራ ሁለት፣ ሁሉም ከአምስተኛው ፍሬት ሳያልፉ። ባለ ስድስት ክሩ በተለመደው ቅኝቱ ከሦስተኛው ፍሬት ሳያልፍ በየክሩ ሁለት ሁለት ይሰጣል፤ ስድስት ጊዜ ሁለትም አሥራ ሁለት ነው። በአምስት ድምፅ ለሚሄድ ዜማ እጅ ካለበት ሳይነቃነቅ የሚያገኘው እኩል ሆነ ማለት ነው። የሚቀረው ስድስቱን ክር ባንዴ የሚመታው ትልቅ ኮርድ ነው፤ እሱ መቅረቱ ጉዳት ነው ወይስ ጥቅም የሚለውን ኋላ እንመለስበታለን። ለታወቀ ምሳሌ ደግሞ ታይኒ ግራይምስ አለ። በ1943 እ.ኤ.አ. ከፒያኖ ተጫዋቹ አርት ታተምና ከቤዝ ተጫዋቹ ስላም ስቱዋርት ጋር በሦስትዮሽ ሲጫወት የያዘው የኤሌክትሪክ ቴነር ጊታር ነበር። ታተም በአሥር ጣቱ የፒያኖውን ዳርና ዳር ይዞ ለማንም ክፍተት የማይተው ሰው ነው። ግራይምስ በአራት ክር ከእሱ ጎን ቆሞ የራሱን ዓረፍተ ነገር ያስገባ ነበር፤ በዜማ ፈንታ ኮርድ ቢቆልል ኖሮ ከፒያኖው ሥር ይጠፋ ነበር። በ1944 ደግሞ በሳቮይ ኩባንያ ስቱዲዮ ወጣቱን ቻርሊ ፓርከርን ይዞ በስሙ ቀረጻ አድርጓል። በዘመናችን የአውስትራሊያው ዋረን ኤሊስ አለ። ኤሊስ ቫዮሊን ተጫዋች ነው፤ ቴነር ጊታር ሲያነሣ ጣቱ የሚያውቀውን የአምስተኛ ርቀት እዚያው አገኘው፤ ኢስትውድ የተባለው ድርጅት በስሙ የኤሌክትሪክ ቴነር ጊታር እስከመሥራት ደርሷል። ሁለቱ በዘመንም በሙዚቃ ዓይነትም የማይገናኙ ሰዎች ናቸው። የሚያገናኛቸው ጊታርን እንደ ሁለተኛ ድምፃዊ መያዛቸው ነው።

መምህሩ፦ እንግዲያው የራስህን ሒሳብ ይዤ ልሞግትህ። ባለ ስድስት ክሩ ጊታር ሳይነካ፣ ማንም ፍሬት ሳይዝበት፣ ክፍት ክሮቹ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ናቸው። ደርድራቸው፤ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ። ሙሉ ትዝታ ነው! አምስቱም ድምፅ፣ አንድም ሳይጎድል፣ በተፈጥሮው ክራር ሆኖ ተቃኝቷል። ያንተ አራት ክር አራቱን ብቻ ይዞ አምስተኛውን በጣት ይፈልጋል። ለክራር ይቀርባል ብለህ የምትሟገትለት መሣሪያ ከምትጥለው መሣሪያ ይልቅ ከክራር የራቀ ሆነብኝ።

ጸሐፊው፦ ይህን መከራከሪያ ማንም አንሥቶት አላየሁም፤ እውነትም ነው። በሶል ትዝታ ክፍት ክር ብቻ ለሚመታ ሰው ስድስቱ ይበልጣል። ግን ዘፋኙ ሶል ላይ አይቀመጥልንም። ሴት መሪ ስትይዘው ከፍ ይላል፣ ጎልማሳ ሲይዘው ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ ባለ ስድስት ክሩ አንድ እንቅፋት አለበት፤ ከክሮቹ አምስቱ ርቀት አራቱ አራተኛ ሲሆኑ በሶልና በሲ መካከል ያለው ግን ሦስተኛ ነው። አንድ የዜማ ሐረግ በሦስቱ ወፍራም ክሮች ላይ የተማረ ልጅ ያንኑ ወደ ቀጫጭኖቹ ሲያሻግር ቅርጹ ይሰበርበታል። በአምስተኛ የተቃኘው ግን የትም ቦታ አንድ ነው። ሐረጉን አንዴ የያዘ እጅ አንድ ክር ወደ ላይ ሲሻገር በአምስተኛ ከፍ ብሎ ያንኑ ሐረግ ያገኛል፤ ጠያቂና መላሽ ላለው ዘፈን ይህ እንደ ተሰጠ ነገር ነው። ጠያቂውን በታችኛው ክር፣ መላሹን በላይኛው፣ ጣት ሳይለዋወጥ መጫወት ይቻላል። ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ደግሞ አራቱም በሶል ትዝታም በዶ ትዝታም ውስጥ ይገኛሉ፤ የሚለያዩት በአንድ ድምፅ ብቻ ነው። ላ የሚለው ክር ላይ ሁለተኛው ፍሬት ሲን ይሰጥዎታል፤ ሶል ትዝታ። ጣትዎን አንድ ፍሬት ወደፊት ገፋ ሲያደርጉ ዶ ይሆናል፤ ትዝታውም ወደ ዶ ዞረ። አንድ ጣት፣ አንድ ፍሬት፣ መላው ዘፈን ቤት ቀየረ። ለዜማ ደራሲ ይህን የመሰለ ነገር በእጁ ሥር መሆኑ ቀላል ስጦታ አይደለም።

ዋናውን ግን አልነገርኩዎትም። ክራር ተጫዋች ቅኝት ሲለውጥ ክሮቹን ያጠብቃል፣ ያላላል፤ መሣሪያው ራሱ ይለወጣል። ጊታር ተጫዋች ይህን አይለምድም፤ ስድስቱን መቃኛ ከነካ የተማረው ኮርድ ሁሉ ይጠፋበታል። አራት ክር ሲሆን ነገሩ ይቀልላል። ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ብለው ከተቃኙት ውስጥ ሁለቱን መካከለኛ ክሮች፣ ሬንና ላን፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያድርጓቸው። በሶል የተነሣ አንቺ ሆዬ ከሚፈልጋቸው አምስት ድምፆች አራቱ ክፍት ሆነው ይጠብቁዎታል። ላንና ሚን፣ ሁለቱን ቀጫጭኖች፣ በግማሽ ዝቅ ካደረጉ ደግሞ አምባሰል ነው። የአምባሰሉን ልብ ብለው ይዩት ጋሼ። ሁለቱ ወፍራም ክሮች አንድ ጥንድ አምስተኛ፣ ሁለቱ ቀጫጭን ሌላ ጥንድ አምስተኛ ይሆናሉ፤ ሁለተኛው ጥንድ ከመጀመሪያው አንድ ኦክታቭ ከግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። አምባሰልን አምባሰል የሚያሰኙት ሁለቱ የተጠጋጉ ግማሽ ድምፆች ናቸው፤ አንዱ ከመነሻው አጠገብ፣ ሌላው ከአምስተኛው አጠገብ። ሁለቱም በጥንዶቹ መካከል ተዘርግተው ይገኛሉ። ወፍራሙን ጥንድ መትቶ ቀጭኑን ጥንድ ማስከተል ብቻ የአምባሰልን ጠባይ ያሰማል። ባለ ስድስት ክሩን እዚያው ለማድረስ አራት መቃኛ መንካት ያስፈልጋል፤ ሁለቱን ሚዎች፣ ላን፣ ሲን። ይቻላል፤ ግን በመድረክ ላይ፣ በሁለት ዘፈን መካከል፣ የሚያደርገው ስንቱ ነው?

መምህሩ፦ ጥሩ። ነገር ግን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የምትላቸው ስሞች ከወሎና ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤት የመጡ ናቸው። የወለጋ ገረርሳ በእነዚህ አራት ሳጥኖች ውስጥ ይቀመጥልኛል ብሎ አልጠየቀም። በገረርሳ ቃሉ ነው ዜማውን የሚጎትተው፤ ዘፋኙ ታሪኩን፣ ጀግንነቱን፣ ብሶቱን ሲናገር ድምፁ ይንሸራተታል፣ በሁለት ድምፅ መካከል ይቆማል። ሌላም አለ። በዚህ አገር ኮርድ ባዳ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦነሲሞስ ነሲብ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. የመዝሙር መጽሐፍ በኦሮምኛ አዘጋጅተዋል። በ1904 እሳቸውና በትርጉሙ ያገዟቸው አስቴር ጋኖ ነቀምቴ ከገቡ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ በኅብረ ድምፅ ተዘምሯል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1959 ስትመሠረት ይህ ልማድ ሥር የሰደደ ነበር። ለጊምቢ ወይም ለነጆ ልጅ በሦስተኛ ተደርቦ የሚዘመር መዝሙር የእናቱ ድምፅ ነው። ኮርድ መጣልህ ከዚህ ታሪክ ግማሹን መጣል አይሆንም?

ጸሐፊው፦ ከሁለቱ የመጀመሪያውን ልቀበል። የቅኝቶቹን ስም የጠራሁት አንባቢ ስለሚያውቃቸው ነው፤ ወለጋን በእነሱ ለመለካት አይደለም። የምለው ክሩን ለዘፈኑ መቃኘት ይቻላል ነው፤ ገረርሳው አራት ድምፅ ብቻ ቢፈልግ ለአራቱ ይቃኛል። ድምፅ መንሸራተቱን በተመለከተ ግን ኤሌክትሪኩ ይረዳል እንጂ አይጎዳም። ክራር ላይ አንድ ክር አንድ ድምፅ ነው፤ ማንሸራተት የማሲንቆ ሀብት ነው። ቀጭን ክር ያለው የኤሌክትሪክ ጊታር ክሩን በጣት ገፍቶ ድምፁን በግማሽ ወይም ከግማሽ ባነሰ ከፍ ያደርጋል፣ በፍሬቶቹ ላይም ይንሸራተታል፤ አምፕሊፋየሩ ድምፁን ስለሚያቆይለት መንሸራተቱ እስኪያልቅ ይሰማል። ኪቦርድ ይህን በጣት አይሠራውም። በሠርጉ ሁሉ አንድ ኪቦርድ ከተዘጋጀ ምት ጋር ነግሦ ሲሰማ የሚጠፋው ይኸው በሁለት ድምፅ መካከል ያለው ቦታ ነው፤ ይህ በእውነት ያሳስበኛል።

ስለ ኅብረ ድምፁ ያሉት ከሁሉም ይከብዳል። አስቴር ጋኖን ካነሡ አይቀር እሳቸው ራሳቸው ሁለቱን ወንዝ በአንድ እጅ የያዙ ሰው መሆናቸውን እናስታውስ። ለመጽሐፍ ቅዱሱ ትርጉም ሲያግዙ ከአፍ ወደ አፍ የሚሄደውን ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ይሰበስቡ ነበር፤ በ1894 እ.ኤ.አ. በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ላይም ከኦነሲሞስ ጋር ሠርተዋል። በነቀምቴ መዝሙሩና የሕዝብ ዘፈኑ ከመጀመሪያውም ጎን ለጎን ነበሩ። ጥያቄው ጊታሩ ከሁለቱ መካከል የት ይቁም ነው። እዚህ ላይ የድምፅ ሒሳብ ይናገራል። አንድ ኦክታቭ በ1200 ሴንት ይከፈላል ይላሉ ባለሙያዎቹ፤ ንጹሑ አምስተኛ 702 ሴንት ነው፣ ጊታር ላይ ያለው ፍሬት 700 ይሰጣል። ልዩነቱ ሁለት ነው፤ ጆሮ አይለየውም። ንጹሑ ትልቅ ሦስተኛ ግን 386 ነው፣ ፍሬቱ 400 ይሰጣል፤ አሥራ አራት ሴንት ዘሎ ሄደ። ጥሩ መዘምራን ያለ መሣሪያ ሲዘምሩ ሦስተኛውን ወደ ንጹሑ ያስጠጉታል፤ ጊታሩ ስድስት ክር ይዞ ሦስተኛውን ሲደርብላቸው ከዘማሪዎቹ ጋር ይጋጫል። በኤሌክትሪክ ሲሆን ይብሳል። አምፕሊፋየር ሻከር ባለ ድምፅ ሲሠራ ሁለት ድምፆች ተፋጭተው ሦስተኛ ድምፅ ይወልዳሉ። የአምስተኛ ንዝረት ሁለት ለሦስት ስለሆነ የሚወለደው ድምፅ ከመነሻው አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ በሥርዓት ይቀመጣል፤ ይጠነክራል እንጂ አይደፈርስም። ሦስተኛ ሲጨመርበት ግን የፍሬቱ መዛነፍ የሚወለደውን ድምፅ ያዛንፈዋል፣ ይደፈርሳል። ስለዚህ በአምስተኛ የተቃኘ የኤሌክትሪክ ጊታር ለመዘምራኑ ጽኑ መሠረት ሰጥቶ ሦስተኛውን ለሰው ድምፅ ይተወዋል። ኅብረ ድምፁ አልተጣለም፤ ለባለቤቱ ተመለሰ። ሁለት ጊዜ ይባል የነበረው አንድ ጊዜ፣ በሰው ጉሮሮ ይባላል።

መምህሩ፦ ሒሳቡን ተቀበልኩ፤ ግን እግረ መንገድህን ሌላ በር ከፈትህ። ዜማ፣ አምስተኛ፣ እየተቃኘ የሚለወጥ ክር፣ በኤሌክትሪክ የጎላ ድምፅ፣ ይህ ሁሉ በክራር አለ። ለንደን ያሉት የእኛ ልጆች፣ በተመስገን ዘለቀ የሚመራው ክራር ኮሌክቲቭ፣ ክራርን በኤሌክትሪክ አድርገው፣ ቤዝ ክራር ጨምረው፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ሱፐር ክራር የተባለ አልበም አውጥተዋል። የሮክ ቡድን ያህል ጉልበት አለው። ክራር በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ይሰጣል። ያለንን አጉልተን መጫወት ስንችል የአሜሪካ ባንጆ ተጫዋቾች ትራፊ ምን ያደርግልናል?

ጸሐፊው፦ ክራር ኮሌክቲቭን ለእኔ ወገን የቆመ ማስረጃ አድርጌ ነው የማየው። ጥቂት ክር በኤሌክትሪክ ሲጎላ ባለ ስድስት ክር ጊታር ሳይፈለግ ቡድን እንደሚሸከም አሳይተዋል። የኤሌክትሪክ ክራር ያለው ሰው ቴነር ጊታር ግዛ አልለውም። የምናገረው ጊታር ለያዘው፣ ጣቱ ፍሬት ለለመደው ልጅ ነው፤ እሱ በወለጋ ከተሞች ብዙ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች የማይተካኩበት ቦታም አለ። ክራር የፍሬት ገበታ የለውም፤ ከተቃኘበት አምስት ድምፅ ውጭ መውጣት አይችልም፤ በዘፈን መካከል ከሶል ወደ ዶ ልዙር ቢል ክር ማጥበቅ ይጠበቅበታል። ቴነሩ ይዞራል። በተቃራኒው ክራር ሲገረፍ ግራ እጅ የማይፈለጉትን ክሮች ከኋላ እየዳሰሰ ዝም ያሰኛቸዋል፤ የሚፈለገው ብቻ ያስተጋባል። ይህን የእጅ ጥበብ ጊታር ተጫዋች አያውቀውም፤ በስድስት ክር ላይም ይከብደዋል። በአራት ክር ላይ ግን ይቻላል። ወፍራሞቹ ሁለት ክሮች ክፍት ሆነው እያስተጋቡ፣ የግራ እጅ ጣቶች አንዱን ቀጭን ክር ይዘው ሌላውን በስሱ ነክተው እያፈኑ፣ ቀኝ እጅ አራቱንም ይገርፋል። የሚሰማው የክራር ግርፍ ነው፣ በኤሌክትሪክ የተዘረጋ። ስለ ትራፊነቱ ግን አልስማማም። አሊ ቢራ ከድሬዳዋው የአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ተነሥተው የኦሮሞን ዘፈን በኡድ ሲጫወቱ ኡድ የኦሮሞ መሣሪያ ተብሎ አይቆጠርም ነበር። ዛሬ ያለ ኡድ የአሊ ቢራን ድምፅ የሚያስበው ማን ነው? መሣሪያ ዜግነት የሚያገኘው በሚጫወቱበት ዜማ ነው።

መምህሩ፦ በዚህ አልከራከርህም፤ አሊ ቢራን ካመጣህ ማንም ይረታል። ግን ከሐሳብ ወደ ነቀምቴ እንውረድ። ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነን። ቴነር ጊታር የሚሸጥ ሱቅ አታገኝም፤ አዲስ አበባም ብትሄድ ማግኘትህ ያጠራጥራል። የክሩ ስብስብ ደግሞ ለብቻው ነው። መብራት ሲሄድስ? ክራር መብራት አይጠይቅም። ለልጆቹ የማይገኝ ነገር ማስጎምጀት ጉዳት ነው።

ጸሐፊው፦ ስለ መብራቱ ይረቱኛል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፕሊፋየር አለ፤ ለልምምድ ይበቃል፣ ለአዳራሽ አይበቃም። መብራት በሌለበት ምሽት ክራሩ ይቅደም። መሣሪያው አይገኝም ለሚለው ግን መልሱ ልጁ እጅ ላይ ነው። ያለውን ባለ ስድስት ክር የኤሌክትሪክ ጊታር ያምጣና ሁለት ክር ያውልቅ። የሚያወልቀው ወፍራሙን ሚ፣ ስድስተኛውን፣ እና ሁለተኛውን ክር፣ ሲን ነው። አራት ይቀራሉ፤ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሚ። ላን አንድ ሙሉ ድምፅ አላልቶ ሶል ያደርገዋል። ሬን አይነካውም። ሶልን አንድ ሙሉ ድምፅ አጥብቆ ላ ያደርገዋል። ቀጭኑን ሚም አይነካውም። ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ፤ በአምስተኛ ርቀት ተቃኘ። ከአራቱ ሁለቱ እንደነበሩ ናቸው፤ ሌሎቹ ሁለቱ የሚንቀሳቀሱት አንድ አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ክር አይበጠስም። አዲስ ክር መግዛትም አያስፈልግም። ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ የሚለውን ዋናውን የቴነር ቅኝት በዚህ ረጅም አንገት ላይ አይሞክር፤ የመጨረሻው ላ ለቀጭኑ ክር ከአቅም በላይ ነው፣ ይበጠሳል። አጭር አንገት የተሠራለት ለዚያም ነው። በላና በሚ መካከል የወጣው ሲ የተወው ሰፊ ክፍተት መጀመሪያ ያስቸግራል። ግን ዜማውን የሚይዘው የዳር ክር ለብቻው ስለቆመ ጎረቤቱን ሳይነኩ ገፍቶ ድምፁን ማጠፍ ይቀልላል። ካልወደደው የተወለቁትን ሁለት ክሮች መልሶ ያስገባል፤ ያጠፋው ነገር የለም።

መምህሩ፦ ይህን በነገው ልምምድ ማንም ሊሞክረው ይችላል፤ ከወጪ ነጻ የሆነ ክርክር ብዙ ጊዜ አይገጥመኝም። አንድ ጥርጣሬ ግን አልለቀቀኝም። ልጁ ኮርድ ይዞ አሥር መዝሙር ማጀብ በወራት ይማራል፤ ያ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎትም ለሠርግም ይጠቅመዋል። አንተ የምትለው ዜማ መሥራት ነው፤ ጆሮ ይጠይቃል፣ ዘፈኑን ማወቅ ይጠይቃል፣ የኮርድ ሥዕል አያግዝም። ገደብ ሁሉ ፈጠራ አይወልድም፤ ብዙው ገደብ ተስፋ ያስቆርጣል።

ጸሐፊው፦ እውነት ነው፤ ገደብ በራሱ ምንም አይወልድም። የሚወልደው የተከለከለው ነገር ልማድ ሲሆንና የተተወው ነገር ሀብታም ሲሆን ነው። እዚህ የሚከለከለው በተማሩበት ቀን የሚያስጨበጭበው ባለ ስድስት ክር ኮርድ ነው፤ የሚተወው ደግሞ በየመንደሩ ያለው የወለጋ ዜማ ነው፣ ማንም ጽፎ ያልጨረሰው። ልጁ ኮርዱን ሲያጣ ወደ ሽማግሌና ወደ ሠርግ ዘፋኝ ጆሮውን መመለስ ግድ ይሆንበታል፤ የሚጫወተው ሌላ ነገር የለውምና። ከዚህ በላይ የምፈልገው የለም። ማጀቡንም አይተወው፤ አንዱ ጊታር ስድስት ይሁን፣ ሁለተኛው ከመዘምራኑ ወይም ከባንዱ ጎን አራት ክር ይዞ ይቁም። ሁለት ጊታር አንድ ዓይነት ኮርድ ሲመታ አንዱ ትርፍ ነው፤ ያ ትርፍ ሰው ነው መላሹን ዜማ መጫወት ያለበት።

መምህሩ፦ ይሁን። ፈተናውን ግን በትዝታ አታድርገው፤ ትዝታ ለማንም ይመቻል። አንድ ገረርሳ ምረጥ፣ መሪው የሚንሸራተትበት። በመጀመሪያ ጎልማሳ ድምፅ ይዘፈን፣ ከዚያ ያንኑ ወጣት በአምስተኛ ከፍ አድርጎ ይያዘው። ጊታሩ ቃሉን ሳይሸፍን፣ መቃኛ ሳይነካ፣ ክር ብቻ ተሻግሮ ሁለቱንም ከመለሰ እኔው ራሴ ከጊታሩ ላይ ሲን አወልቃለሁ።

ጸሐፊው፦ ወፍራሙን ሚም ጋሼ።